በሰንሰለት የታሰረው ታፖ

ባለፈው ጥቅምት ለእህቴ ሙት ዓመት ሮቤ ሄጄ ነበር። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ የእህቴ ልጅ ሙሉጌታ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከጎመኑ መደብ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የአባቴ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ድሮ ተቆራርጣ የተጣለች ይመስለኝ ነበር። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ሙሉጌታ ሞተሯን አውርዶ በሸራ ላይ ዘርግቶታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ ሥራ ስለፈታ ሊጠግናት አስቧል። ስለ ጎማዎቹ ብዙ ነገረኝ፤ የሰማሁት ግማሹን ነው። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጧ ስመለከት ሽታው መጣብኝ፤ የቆየ ቤንዚን፣ ሬንጅ፣ ከሥሩ ደግሞ የወይራ ጭስ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ጭስ ይሸታል ወይስ አይሸትም፣ አላውቅም። እኔ ግን ሸተተኝ።

ሙሉጌታ ከወለሏ ጥግ አንድ አጭር ሰንሰለት አነሳ። ጫፉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል የነሐስ መክደኛ ተንጠልጥሏል። ውሃ ማፍሰሻውን ቀዳዳ የሚዘጋው ነው፤ መካኒኮች ታፖ ይሉታል።

«አያቴ በሰንሰለት ያሰሩት ሁለተኛ እንዳይረሱት ነው፣ አይደል?» አለና ሳቀ።

ዓይኔ ታፖው ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ወርቁ በሮቤ ገበያ ዳር ጋራዥ ነበረው፤ ጋራዥ ስል አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ወጥተው ቀይ ቀበሮ ሲቆጥሩ የከረሙ ፈረንጆች ይህችን ተሽከርካሪ ሰብረው ጎባ ትተዋት ሄደው ነበር። በሐራጅ ስትሸጥ ከአባቴ በቀር እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ከድር የሚባለው ጋሪ ነጂ በሁለት ፈረስ ከጎባ ሮቤ ድረስ ጎትቶ አመጣት።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ጣሪያ የላት፣ በር የላት፣ መስታወት የላት። ገላዋ ብረት ሳይሆን እንደ ቀንድ የጠነከረ ፕላስቲክ ነው። በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ያበጡ ትናንሽ ጎማዎች አሏት።

«ወርቁ» አለ ከድር ከጋሪው ሳይወርድ፣ «ለፈረሶቼ ውሃ መጠጫ ገንዳ በመግዛትህ ደግ አድርገሃል። ግን ገንዳ ጎማ ምን ያደርግለታል?»

«ይቺ ውሃ አትይዝም፤ ውሃ ነው የሚይዛት» አለ አባቴ። «ትዋኛለች።»

«ፈረንጅ ሲዋኝ አይቻለሁ። ገንዳ ሲዋኝ ግን አላየሁም።»

እናቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «መሪዋስ የት አለ?» አለች።

«መሪ የላትም። ሁለት ዘንግ ናት። የግራውን ስትስቢ የግራ ጎማዎቿ ይቆማሉ፣ የቀኞቹ ያዞሯታል።»

እናቴ ወደ ቤት ገባች። ለምን እንደገዛት ታውቃለች። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን የማውቀውን በራሴ መንገድ ነበር የማውቀው።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስናቀች ከወይብ ወንዝ ማዶ፣ በገሰራ በኩል ተድራ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ምጥ ሲይዛት ወደ ጎባ ሐኪም ቤት ሊያመጧት በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሷት። የእንጨቱን ድልድይ ግን ውሃ ወስዶት ኖሯል። ሁለት ቀን እዚያው ዳር ላይ ቆየች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። አባቴ በዚህኛው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። እቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም።

አሁን እንደገና አርግዛለች፤ ድልድዩ ግን አልተሠራም። አማቷ በጠና ታመው ስለነበር ትታቸው ወደ እኛ መምጣት አልቻለችም። የመውለጃዋ ቀን ከመስቀል በኋላ ነው ተባለ፤ ያን ጊዜ ውሃው ይጎድላል። አባቴ ግን «ቀኑን የቆጠረው ሰው ነው» ብሎ ልብሱን ቀየረና ሥራውን ጀመረ። ወሩ ግንቦት ነበር።

በዚያው ሰሞን ቄሱ ስለ ኖኅ አስተምረውን ነበር። ስለዚህ እኔ የገባኝ የጥፋት ውሃ ሊመጣ እንደሆነና አባቴም ማንም ሳይሰማ እንደተነገረው ነው። ማን ማን እንደሚሳፈር ማሰብ ጀመርኩ። ከእትዬ አስናቀችና ከባሏ ጋር አምስት ሰዎች ነን። ዶሮዎቹ ይገባሉ። ለላማችን ግን ቦታ የለም። ከሁሉ ያስጨነቀችኝ ጎረቤታችን አኮ ፋጡማ ነበሩ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። እስላም ስለሆኑ ኖኅ የሚያስገባቸው አልመሰለኝም።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው። አኮ የሚሠሩትን የወተት ዕቃ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ኑህን እኛም እናውቀዋለን፣ ልጄ። እኔ ባልገባ ወተቱን በምን ትይዙታላችሁ?»

አኮ ከዱር ተክል ሥር ክር ፈትለው የወተት ዕቃ ይሰፉ ነበር። ዕቃው ቅርጫት ይመስላል፤ ነገር ግን ወተት ቢሞሉበት ጠብ አይልም። ከዛፍ ቅርፊት ቀቅለው የሚያወጡትን ጥቁር ሙጫ ይቀቡትና በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ዓይናቸው ስለደከመ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሩን በመርፌ የማሾልክላቸው እኔ ነበርኩ። ዕቃ አጠባውም የእኔ ነበር። አጥቤ ስጨርስ አፉን ይዳብሱታል። ከድኜው ከሆነ እጄን ቸብ ያደርጉኛል።

«ባዶ ዕቃ ተከድኖ አያድርም! ይታፈናል፣ ይሸታል። የሞላውን ክደኚ፣ ባዶውን ክፈቺ። መክደኛውም መሬት አይቀመጥም፤ ሰውነትሽ ላይ ያዢው።»

ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ይሉኝ ነበር። አባታችን ሆይን ከመሸምደዴ በፊት ይህን ሸምድጃለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

አባቴ ሞተሯን ሲፈታ ከውስጡ የአይጥ ጎጆ ወጣ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ለወጠ፣ የተበጠሰውን የጎማ ማዞሪያ ሰንሰለት ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ቀጠለ፣ ጎማዎቹን በከባድ መኪና የውስጥ ላስቲክ፣ በካላማዳሪ፣ ለጠፈ። ሞተሯ ተነሳች። ገመድ ስቦ ያስነሳታል፤ ድምጿ የታመመ በሬ ነው የሚመስለው። ሐምሌ ሲገባ በደረቅ መሬት መሄድ ጀመረች። ችግሩ ሆዷ ነበር። ከሥር ክንድ የሚያህል ስንጥቅ አለባት። አባቴ በጆንያ ላይ ሬንጅ አቅልጦ ለጠፈበት። የሮቤ ብርድ ሲመታው ሬንጁ ተሰነጠቀ። እንደገና ለጠፈ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ከከተማው ዳር ያለው ኩሬ ውስጥ ከከድር ፈረስ ጋር አስሮ አስገባት። ሳንቆይ ፈረሱ የሚጎትተው ውሃ ሆነ።

«ገንዳ ነች አላልኳችሁም?» አለ ከድር። «ይኸው ሞላች።»

አባቴ ሳር ላይ ተቀመጠ። በዚያ ክረምት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ቆሞ ነበር የሚበላው እንኳ።

አኮ ፋጡማ በዱላቸው እየዳበሱ መጥተው እስከ ክንዳቸው ሆዷ ሥር ገቡ። ስንጥቁን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

«ወርቁ፣ ቅል ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል?»

«ይሰፋል።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አደረገህ?»

«አኮ፣ ይህ እኮ ቅል አይደለም። የፈረንጅ ፋብሪካ የሠራው ነው።»

«ፈረንጁ እናት የለውም እንዴ? ቅል አያውቅም? ወስፌውን አግልልኝ።»

ሦስት ቀን ሰፉት። አባቴ በጋለ ወስፌ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ይበሳል፤ እኔ ክሩን አሾልካለሁ፤ አኮ ይስባሉ። ከዚያ በላዩ ያን ጥቁር ሙጫቸውን ሁለት ጊዜ፣ የአባቴን ሬንጅ አንድ ጊዜ ቀባነው። በመጨረሻም ተሽከርካሪዋን በጎኗ አቁመን የወይራ ፍም ራቅ አድርገን አስቀምጠን በጭስ አጠንናት። ከድር ሳይቀር ሊያይ መጣ። «መኪና ስትታጠን! ሰርግ አላት እንዴ?» እያለ ግን ፍሙን የሚያርገበግበው እሱ ራሱ ነበር።

ስፌቱ እየደረቀ ሳለ አባቴ የግራውን መቀመጫ ነቅሎ በቦታው ከጣውላና ከጠፍር ጠባብ አልጋ ሠራባት። በላዩ ሸራ የሚይዝ የብረት ቀስት ተከለ። እኔ አልጋውን ሳይ ኖኅ በመንገድ እንደሚተኛበት አሰብኩ። እናቴ ትራስ ሰፋች። የትራሱን ልብስ ከእትዬ አስናቀች የልጅነት ቀሚስ እንደቀደደችው ሳይ ነው ነገሩ ቀስ ብሎ የገባኝ። ውሃው ለሁላችን አይደለም የሚመጣው።

ነሐሴ፣ በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት፣ ኩሬው ውስጥ እንደገና ገባች። ጎማዎቿ ውሃውን እየቀዘፉ ተሻግራ ተመለሰች። አባቴ ወለሏን በመዳፉ ጠርጎ መዳፉን ለሁላችንም አሳየን። ደረቅ ነበር። ለአኮ ደግሞ አስነካቸው። አኮ ጣቱን ይዘው «ወተት አይፈስባትም» አሉ። አባቴ ሳቀ፤ ጥርሱን ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ማታውን ጭቃዋን የማጥበው እኔ ነበርኩ። አባቴ ታፖውን እንዴት እንደምፈታ፣ ውሃውን እንዴት እንደማፈስ አሳየኝ። መልሼ እንድገጥመውም ነግሮኛል። አልነገረኝም ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ ግን ነግሮኛል። አጠብኳት። ውሃው ወርዶ አለቀ። ታፖውን ልገጥም ጎንበስ ስል ጭሱ ሸተተኝ። የአኮ ዕቃ ሽታ ነው። የአኮ እጅ የሰፋት፣ የአኮ ሙጫ የነካት፣ የአኮ ጭስ ያጠናት ባዶ ዕቃ ናት። ባዶ ዕቃ ተከድኖ አያድርም። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ክፍቷን ተውኳት። መክደኛውንም መሬት ላይ አላስቀመጥኩም፤ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ንጋት ላይ፣ ከማዶ የተጮኸለትን መልእክት ይዞ ከወንዙ ዳር በፈረስ የመጣ ሰው በራችንን ደበደበ። እትዬ አስናቀችን ምጥ ይዟታል፤ የወንዙ ማዶ ዳር አድርሰዋታል። ቀኑን የቆጠረው ሰው ተሳስቶ ነበር።

አባቴ ቤንዚን እየሞላ «አጥበሽ ጨርሰሻል?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ፣ አባዬ።»

ሌላ አልጠየቀም። አኮ ፋጡማ አዋላጅም ስለነበሩ አብረው ሊሄዱ ወጡ፤ «ዓይኔን ሳልይዝ አልሄድም» ብለው እጄን ያዙ። ሁለታችንም ጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጥን። ጭቃው ሌላ መኪና የሚያሳልፍ አልነበረም፤ እሷ ግን እየተንገዳገደች አለፈችው። ከድር በፈረሱ ከኋላችን ተከተለ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር።

ወይብን እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። ቡና ዓይነት ቀለም አለው፤ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይሄዳል። አባቴ ሰፋ ብሎ ረጋ የሚልበትን ቦታ መረጠ። ማዶ ቃሬዛውና የቆሙት ሰዎች ይታያሉ። ከቃሬዛው ላይ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ እጇ ነበር።

«እናንተ ውረዱ» አለ አባቴ። «መጀመሪያ ብቻዬን ልሻገር። አኮ፣ እርስዎ እዚህ ይጠብቁን።»

ገባ። ጎማዎቹ መሬቱን ለቀው ሲንሳፈፉ በዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ። ከድር «ዋኘች! ወላሂ ዋኘች!» አለ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን ከኪሴ ሳወጣ በመዳፌ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ነበር።

አየሁት። የነሐስ ነው። ፀሐይ አብለጨለጨው።

ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል ይላሉ። እኔ አልጮኽኩም። ጉልበቴ ብቻ ሲሞቅ ተሰማኝ፤ ሽንቴን ለቅቄው ኖሯል። ተሽከርካሪዋ የወንዙን እኩሌታ አልፋለች። የኋላዋ ከፊቷ ዝቅ ብሏል። ሰዉ አሠራሯ እንደዚያ ነው ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ብቻ አውቃለሁ።

አኮ እጄን እንደያዙ ነበር። «ምን ሆነሻል?» አሉና የሌላውን እጄን ጣቶች በግድ ፈለቀቁ። ታፖውን ዳበሱት። አንዴ አዞሩት። ለማወቅ ዓይን አላስፈለጋቸውም።

«ያ ረቢ» አሉ በሹክሹክታ። ቀጥሎ ከዚያ ደካማ አካል ይወጣል ብዬ በማላምነው ድምፅ ወደ ማዶ ጮኹ። «ቢሻን! ቢሻን ኢቲ ሴኔ!» ውሃ ገባባት ማለታቸው ነው። «ገመድ! ገመድ ወርውሩለት!»

ማዶ ያሉት ሰሙ። ሁለት ሰዎች በወገባቸው ገመድ አስረው ገቡ። አባቴ አልተመለሰም፤ ወደ እኛ ዞሮም አላየም፤ ሞተሯን አስጩኾ ወደፊት ብቻ ነዳት። ውሃው የሸራውን ጫፍ ሲነካ ሞተሯ ጠፋች። የዚያን ጊዜ ዝምታ አሁንም በጆሮዬ አለ። ተሽከርካሪዋ በጎኗ መንሸራተት ጀመረች። ከዚያ አንደኛው ሰው ጠርዟን ያዘ፤ ሁሉም ጎተቱ።

ማዶ ላይ በጎኗ ገለበጧት። የገባው ውሃ ሲወጣ ወንዝ ከወንዝ የሚፈስ ይመስል ነበር። አባቴ ሆዷ ሥር ገብቶ ተመለከተ። ስፌቱን ዳበሰ። ከዚያ እጁ ቀዳዳው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ወንዙን አሻግሮ አየ። ብዙ ሰው ቆሞ ነበር። ያየው ግን እኔን ነው።

ከአማቹ፣ ከእህቴ ባል፣ እጅ የወይራ ዱላ ተቀበለ። ጫፉን በቢላ ጠረበ፣ በጋቢ ቁራጭ ጠቀለለ፣ በድንጋይ እየመታ ቀዳዳው ውስጥ ቀረቀረው። ሞተሯን አደረቀ። ገመዱን ስንት ጊዜ እንደሳበ አላውቅም፤ እኔ በሳበ ቁጥር እግዚአብሔርን ታፖውን ውሰድና ሞተሯን አስነሳ እለው ነበር። ተነሳች። እህቴን ጠፍሩ ላይ አስተኝተው ሲመለሱ ገመዱን ማዶ ያሉት በጥቂት በጥቂቱ ይለቁላቸው ነበር። በደረቅ ወለል ተሻገረች። ስፌቱ ጠብ አላለም።

ሰዉ ከበበው። አኮ ወደ እህቴ ሄዱ። ከድር አፉ እንደተከፈተ «ወርቁ፣ ምን ሆነህ ነው? ተሰፍታ፣ ታጥና!» አለው።

አባቴ ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል። እኔን አላየኝም። ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ «ታፖውን ሳልገጥም ረሳሁ» አለ።

ከዚያ ከሞት የተረፈ ሰው እንደሚስቀው ሁሉም ሳቀ። «መካኒኩ! ታፖ ረስቶ! ወርቁ ታፖ!» አለ ከድር፤ ስሙ እዚያው ወጣለት።

አባቴ ወደ እኔ መጣ። የእርጥብ ቀሚሴን ምክንያት ያወቀ ይመስለኛል፤ ኮቱን አውልቆ በወገቤ ዙሪያ አሰረልኝ። መዳፌን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው።

«ሰንሰለት ያስፈልገዋል» አለ። ከዚያ በቀር ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም።

እትዬ አስናቀች ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎባ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። አኮ ፋጡማ ከሳምንት በኋላ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጠው ያጠብኩትን ዕቃ አፍ ዳበሱ። በኋላ «እኔ የነገርኩሽ ለወተት ነው» አሉ። «ለውሃ አልነገርኩሽም።» እሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

የአባቴ ስም ግን ወርቁ ታፖ ሆኖ ቀረ። የትልልቅ መኪና ሾፌሮች «ሰውዬው ታፖ ይረሳል» እያሉ ሥራቸውን ወደ ጎባ ወሰዱ። እሱ እየሳቀ ይሸኛቸው ነበር። የቀብሩ ቀን እንኳ ለቅሶ ቤቱን ለእንግዳ ሲያመላክቱ «የወርቁ ታፖ ቤት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ሰው ሁሉ ከሐዘን ነው ብሎ አሰበ።

ጓሮው ውስጥ ሙሉጌታ ሰንሰለቱን በእጁ እያወዛወዘ መልሴን ይጠብቃል። የዚያን ቀን የተወለደው ልጅ እሱ ነው፤ አሁን ጠጉሩ ነጭ ሆኗል።

«አይደለም» አልኩት። «አያትህ አልረሳም። ቁጭ በል።»

ነገርኩት። ስጨርስ ሰንሰለቱ ከእጁ ወድቆ ኖሮ ታፖው ወለሏ ላይ ቅጭል አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

«አክስቴ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ታፖ ረሱ የሚለውን ቀልድ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ሳወራ ነው የኖርኩት። አያቴ እፊታችን ተቀምጠው እያሉ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ከእናንተ ጋር ስቄያለሁ።»